ከራስ ጋር የሚደረግ ንግግር መቼ ወደ ማብሰልሰል ይለወጣል?

"እኔ ጭንቅላት ውስጥ የሚናገር ድምፅ የለም" የሚሉ ሰዎች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲናፈስ ብዙዎችን አስደንቆ ነበር። ድምፁ ያላቸው "ታዲያ በምን ታስባላችሁ?" ሲሉ ጠየቁ። የሌላቸው ደግሞ "ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፍ ነገር ይዛችሁ እንዴት ትኖራላችሁ?" ብለው መለሱ። ክርክሩ ዛሬም በየጊዜው ያገረሻል። ከዚሁ ጎን ለጎን "ኦቨርቲንኪንግ" (ከመጠን በላይ ማሰብ) የሚለው ቃል ከአፍ የማይጠፋ ሆኗል። የፈተና ውጤት የሚጠብቅ፣ ከዓመታት በፊት የተናገረው ነገር ትዝ እያለው የሚሸማቀቅ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው፣ አንድ ውሳኔ ለመወሰን ሲያወጣ ሲያወርድ የሚከርም ሰው ሁሉ በዚህ አንድ ስም ይጠራል።

ሁለቱ ወሬዎች ሲገናኙ የተሳሳተ መደምደሚያ ወለዱ፤ በውስጥ የሚሰማው ንግግር ራሱ ሕመም፣ ዝም ማሰኘቱ ደግሞ መድኃኒት ተደርጎ መታየት ጀመረ። በሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዘንድ ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመው ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። አብዛኛው ከራስ ጋር የሚደረግ ንግግር ይጠቅማል። የሚጎዳው አንድ የተወሰነ ዓይነት ነው፤ እሱም መልስ የማይገኝለትን ጥያቄ እየደጋገመ የሚጠይቀው ነው።

የውስጥ ንግግር ከየት ይመጣል?

የውስጥ ንግግር ማለት ድምፅ ሳያወጡ በቋንቋ ለራስ መናገር ነው። የስልክ ቁጥር እስኪጻፍ ድረስ በልብ መደጋገም፣ ነገ ከአለቃ ጋር የሚደረገውን ውይይት አስቀድሞ መለማመድ፣ "ረጋ በል" ብሎ ራስን መገሠጽ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ።

ትንንሽ ልጆች ሲጫወቱ ማንም ሳይሰማቸው ጮክ ብለው ያወራሉ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዣን ፒያዤ ይህን ያዩት ገና የሌላውን ሰው አመለካከት መረዳት ያልቻለ አእምሮ ምልክት አድርገው ነበር፤ ልጁ ሲያድግ ልማዱ ይጠፋል ብለውም ያምኑ ነበር። የሶቪየቱ ሌቭ ቪጎትስኪ በዚህ አልተስማሙም። ልጆቹ ሥራ ሲከብዳቸው ለራሳቸው የሚያወሩት እንደሚጨምር አስተዋሉ። ከዚህም ተነሥተው ንግግሩ የሚጠፋ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚገባ ነው አሉ። በእሳቸው አገላለጽ ልጁ መጀመሪያ ከአሳዳጊው ጋር ይነጋገራል፤ ቀጥሎ ያንኑ ምልልስ ብቻውን ሆኖ ጮክ ብሎ ይደግመዋል፤ በመጨረሻም ድምፁ ይቀርና በውስጡ ይቀጥላል። ቪጎትስኪ በሳንባ ነቀርሳ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1934 ገና በ37 ዓመታቸው ነው፤ ይህን ሐሳብ የያዘው መጽሐፋቸውም የታተመው በዚያው ዓመት ነው። በኋላ የተደረጉ የልጆች ጥናቶች በዋናው ነገር ወደ እሳቸው ያጋደሉ ናቸው።

ይህ ታሪክ ለዛሬው ርእስ የሚያስፈልገው በአንድ ምክንያት ነው። የውስጥ ንግግር መነሻው ከሌሎች ጋር የተደረገ ንግግር ከሆነ፣ የሌሎችን ድምፅ ይዞ መምጣቱ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይመን ማካርቲ-ጆንስ እና ቻርልስ ፈርኒሆ ባወጡት መጠይቅ ሰዎች የውስጥ ንግግራቸውን በአራት መልክ ገልጸውታል፦ እንደ ምልልስ የሚሄድ፣ በቁርጥራጭ ቃላት ያጠረ፣ የሌሎች ሰዎች ድምፅ ያለበት፣ እንዲሁም ራስን የሚገመግምና የሚያበረታታ። የወቃሽነቱ ድምፅ አንዳንዴ የወላጅን ወይም የአስተማሪን ቃና የሚይዘው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሰው አለው?

ሰውን "በውስጥህ ምን ያህል ታወራለህ?" ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ማመን ግን ከባድ ነው። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ የሚያስተምሩት ራስል ኸርልበርት ለዚህ ሌላ መንገድ ፈጠሩ። ተሳታፊው ቀኑን ሙሉ ትንሽ መሣሪያ ይይዛል፤ መሣሪያው ባልታሰበ ሰዓት ሲጮህ፣ ከድምፁ ቀድማ በነበረችው ቅጽበት በአእምሮው የነበረውን ይጽፋል፤ በኋላም በዝርዝር ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከክርስቶፈር ሂቪ ጋር በ30 ተማሪዎች ላይ ባወጡት ጥናት የውስጥ ንግግር የተገኘው ከቅጽበቶቹ በ26 በመቶ ብቻ ነበር። አንዳንዱ ተማሪ ፈጽሞ አልነበረውም፤ በሌላው ደግሞ ከተመዘገቡት ቅጽበቶች ሦስት አራተኛው ንግግር ነበር። ቀሪውን ምስል፣ ስሜት፣ የአካል ግንዛቤና ቃልም ምስልም የሌለው ሐሳብ ሞልቶታል። "ሁልጊዜ በውስጤ አወራለሁ" የሚል ሰው ስለ ራሱ ያለው ግምት ተጋንኖ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ዮሃነ ኔደርጎር እና ጋሪ ሉፒያን የውስጥ ንግግር አለመኖርን "አነንዶፋዥያ" ብለው ሰየሙት። ንግግሩ አነስተኛ ነው ያሉ 46 ሰዎችን ብዙ ነው ካሉ 47 ሰዎች ጋር ሲያወዳድሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ቃላትን በአጭር ጊዜ ትውስታ በመያዝና ቃላት ቤት መምታታቸውን በመለየት ደከም ብለው ተገኙ። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ በመሸጋገር ግን ልዩነት አልታየም። ያለ ውስጥ ድምፅ ማሰብ ይቻላል፤ መንገዱ ብቻ ይለያል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። የውስጥ ንግግር ያለው ሰው ተናጋሪው እሱ ራሱ መሆኑን ያውቃል። ከውጭ ወይም ከሌላ አካል የመጣ የሚመስል ድምፅ መስማት የተለየ ክስተት ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ጤነኛውን ያስፈራል፣ ሕክምና የሚያስፈልገውንም ያዘናጋል።

ማብሰልሰልና ስጋት

ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን ለየብቻ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ማብሰልሰል በአብዛኛው ወደ ኋላ የሚመለከት ነው፦ ለምን እንዲህ ሆንኩ፣ ለምን ያንን ተናገርኩ፣ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው። ስጋት ደግሞ ወደ ፊት ያያል፦ ቢታመምስ፣ ቢያባርሩኝስ፣ ባይሳካስ። የመጀመሪያው ከድባቴ፣ ሁለተኛው ከጭንቀት ሕመም ጋር ተያይዞ ይጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ቶማስ ኤሪንግ እና ኤድዋርድ ዋትኪንስ የሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አድርገው ሲመረምሩ ይዘታቸው ቢለያይም አካሄዳቸው አንድ ሆኖ አገኙት። ሐሳቡ ይደጋገማል፤ አሉታዊ ነው፤ ለመቆጣጠርም ያስቸግራል። ዛሬ "ተደጋጋሚ አሉታዊ አስተሳሰብ" የሚባለው ይህ የጋራ አካሄድ ነው። ከአንድ ሕመም ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ በድባቴ፣ በጭንቀት፣ በእንቅልፍ ማጣትና ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ በሚመጣ ሕመም ሁሉ ይገኛል።

ማብሰልሰል የድባቴ ውጤት ብቻ ነው ወይስ መንስኤም ይሆናል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ረድቷል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የስታንፎርድ ተማሪዎችን ስሜትና ሲከፋቸው የሚያደርጉትን በመጠይቅ በመዘገቡ በ14ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 1989፣ የሎማ ፕሪየታ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታው። ተመራማሪዋ ከባልደረባቸው ጋር እነዚያኑ ተማሪዎች ከ10 ቀን በኋላ፣ ዳግመኛም ከ7 ሳምንት በኋላ ጠየቁ። አስቀድሞም የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ከአደጋው በኋላ የባሰ የድባቴ ምልክት ታየባቸው፤ ከአደጋው በፊት የነበራቸው ስሜት ከግምት ገብቶም ውጤቱ አልተለወጠም። ልማዱ ከክስተቱ በፊት ስለተለካ ይህ ጥናት ከብዙዎቹ የተሻለ ክብደት አለው።

ራስን መመርመር ሁሉ ግን አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኖለን-ሆክሴማና ባልደረቦቻቸው የራሳቸውን መለኪያ እንደገና ፈትሸው ሁለት ክፍል አወጡለት። አንዱ ያለውን ሁኔታ ከሚፈለገው ጋር እያነጻጸሩ በቁጭት መብሰክሰክ ሲሆን፣ ሌላው መፍትሔ ለመፈለግ ሆን ብሎ ማሰላሰል ነው። በጊዜ ሂደት ከባሰ ድባቴ ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ነው። "ኦቨርቲንኪንግ" የሚለው ስያሜ ትልቁ ድክመት ይህን ልዩነት መዋጡ ይመስለኛል። ችግሩ የሐሳብ ብዛት እንደሆነ ያስመስላል፤ ብዙ የሚያስብ ሰው ሁሉ ግን አይብሰከሰክም።

ለምን አይቆምም?

ሰውየው እየተጎዳ መሆኑን እያወቀ ለምን አያቆምም? ለዚህ አንድ መልስ የለም፤ እርስ በርስ የሚደጋገፉ በርካታ ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ከጥያቄው ዓይነት ይነሣል። ዋትኪንስ ለዓመታት ያጠኑት ይህን ነው። "ትናንት በስብሰባው ላይ ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ ምን አልኩ? በሚቀጥለው ምን ልበል?" የሚለው ተጨባጭ ነው፤ ቦታ፣ ጊዜና ድርጊት አለው፤ መልሱ ሲገኝም ያበቃል። "ለምን ሁልጊዜ እንዲህ እሆናለሁ?" የሚለው ግን ማለቂያ የለውም። አንድን ቀን ወደ መላ ሕይወት፣ አንድን ስሕተት ወደ ማንነት ያሰፋዋል። ምን ዓይነት መልስ ቢበቃው እንደሚዘጋ ማንም ሊናገር አይችልም። በቤተ ሙከራ ሰዎች ስለ አንድ ውድቀታቸው በ"ለምን" ወይም በ"እንዴት" መልክ እንዲያስቡ ሲደረግ፣ ማብሰልሰል የሚቀናቸው በ"ለምን" ሲያስቡ ይበልጥ በመጥፎ ስሜት ውስጥ ይቆያሉ። ርእሱ ያው ሆኖ የጥያቄው ቅርጽ ብቻ ውጤቱን መለወጡ ትኩረት የሚስብ ነው።

ሁለተኛው ያልተጠናቀቀ ግብ ነው። አእምሮ የሚፈልገውና ያለው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ወደ ጉዳዩ ይመላለሳል። ግቡ ከተሳካ ወይም ሰውየው ከተወው ምልልሱ ይቀንሳል፤ ሊደረስበትም ሊተውም የማይችል ግብ ሲሆን ግን ይከርማል። የሞተን ሰው ይቅርታ መጠየቅ እንደዚህ ያለ ግብ ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ አከራካሪ ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ቦርኮቬክ ስጋት በዋናነት በቃላት እንደሚካሄድ፣ ምስል ግን ጥቂት እንደሆነበት አሳዩ። በሕዝብ ፊት መናገር የሚፈሩ ሰዎች የሚያስፈራቸውን ትዕይንት ከማየታቸው በፊት ስጋታቸውን በቃላት እንዲያውጠነጥኑ ሲደረግ፣ ትዕይንቱ ሲመጣ የልብ ምታቸው ብዙም አልጨመረም። ከዚህ ተነሥተው ቃል እንደ መጋረጃ ያገለግላል አሉ። ስለ አደጋው መናገር አደጋውን በምናብ ከማየት ያድናል፤ ለጊዜው ስለሚያቀልም ይደጋገማል፤ ፍርሃቱ ግን ፊት ለፊት ስላልታየ አይበርድም።

ሚሼል ኒውማን እና ሳንድራ ዬራ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይህን ተቃውመዋል። ስጋት ሰውነትን አያረጋጋም፣ ራሱ ያስጨንቃል ይላሉ። ሰውየው የሚሸሸው ከመልካም ስሜት ወደ ክፉ በድንገት መውደቅን ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በክፉ ስሜት ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። የልብ ምቱ ያልጨመረው ቀድሞውኑ ከፍ ብሎ ስለነበር ነው በሚል ያንኑ ውጤት በሌላ መንገድ ይተረጉሙታል። ይህ ትርጓሜ "ብዘናጋ ነው መከራው የሚመጣው" የሚሉ ሰዎችን ሁኔታ ከቦርኮቬክ በተሻለ ይገልጻል ብሎ መናገር ይቻላል። ሁለቱም ግን የሚስማሙበት አለ፦ ስጋት ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ አለበለዚያ አይደጋገምም ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው አድሪያን ዌልስ የተባሉት እንግሊዛዊ ባለሙያ ያጎሉት ነጥብ ነው። ሰዎች ስለ ማሰባቸው ራሱ እምነት አላቸው። "ካልተጨነቅሁ ግድ የለኝም ማለት ነው"፣ "ደጋግሜ ካሰብኩ ይገባኛል" የሚሉት እምነቶች ሐሳቡን ያስጀምሩታል። ከቆየ በኋላ ደግሞ "ልቆጣጠረው አልችልም፣ ሊያሳብደኝ ነው" የሚለው እምነት ይከተልና ስለ ጭንቀቱ ሌላ ጭንቀት ይደረባል።

ስለ አንጎል አንድ አንቀጽ ይበቃል። ማርከስ ሬይክል እ.ኤ.አ. በ2001 በገለጹት "ዲፎልት ሞድ" ስሙን ያገኘው "ዲፎልት ሞድ ኔትወርክ"፣ ሰው በውጭ ሥራ ሳይጠመድ የሚነቃው የአንጎል ክፍሎች ትስስር፣ ስለ ራስ ከማሰብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በድባቴ ላይ ከማብሰልሰል ጋር ስላለው ግንኙነትም ብዙ ተጽፏል። ግኝቱ ጠቃሚ ቢሆንም "የማብሰልሰል ማዕከል ተገኘ" ተብሎ በዜና የሚቀርበው የተጋነነ ነው።

የግድ በቃል ነው?

ማብሰልሰል የውስጥ ንግግር ዓይነት ከሆነ የንግግር አካላትን ማሳረፍ ያቆመው ይሆን? ሐሳቡ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኤድመንድ ጃኮብሰን ሰዎች በልባቸው ሲናገሩ ምላስና ከንፈራቸው ላይ ጥቃቅን የጡንቻ እንቅስቃሴ መዝግበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ላዲስላስ ናልቦርቺክና ባልደረቦቻቸው በፈረንሳይ ተሳታፊዎችን ሆን ብለው እንዲያብሰለስሉ አድርገው የፊታቸውን ጡንቻ ለኩ። በከንፈር ዙሪያ ያለው እንቅስቃሴ በእርግጥ ጨመረ፤ ነገር ግን የግንባሩም ጨምሯል። ከንፈርና መንጋጋን የሚያሳርፍ ልምምድ ደግሞ ክንድን ከማሳረፍ የተለየ ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ "አፍህን አሳርፍ፣ ሐሳብህ ያርፋል" የሚለው የኢንተርኔት ምክር ማስረጃው የሳሳ ነው። የሚያብሰለስሉ ሰዎች ምስልም እንደሚያዩ መዘንጋት የለበትም፤ ያ የኀፍረት ትዕይንት ተመልሶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዓይነ ልቡና ነው።

"አታስብ" የሚለው ምክር

በጣም የተለመደው ምክር ይኸው ነው፤ እጅግ ደካማውም እሱው ነው። ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ተማሪዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲደውሉ ጠየቋቸው። በአማካይ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ደወሉ። ቀጥሎ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተፈቀደላቸው ይበልጥ ስለ ድቡ አሰቡ። የዌግነር ማብራሪያ፣ አንድን ሐሳብ ለማባረር የሚጥር አእምሮ መጥቶ እንደሆነ እየተከታተለ ስለሚጠብቀው ራሱ ይጠራዋል የሚል ነው።

"መልካም መልካሙን ለራስህ ንገረው" የሚለውም ከችግር ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆአን ውድና ባልደረቦቻቸው "የምወደድ ሰው ነኝ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው እንዲሉ ካደረጓቸው መካከል፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ይባስ ከፋቸው። ማሞገሻው የማያምኑበት ነገር ስለሆነ የተቃራኒውን ማስረጃ ይቀሰቅሳል።

ለወዳጅ መናገርስ? ጥሩ ነው፤ ግን እሱም በቅርጹ ይወሰናል። አማንዳ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት በአንድ ችግር ላይ ደጋግመው የሚያወሩ ልጆች ወዳጅነታቸው የጠበቀ፣ የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸውም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለት ሰው ሆኖ ማብሰልሰል ይቻላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ይህን ከጓደኛ ወደ ብዙ ሺህ እንግዶች ያሰፋዋል፤ እዚያ ላይ ጉዳዩ መቼም አይዘጋም።

በማስረጃ የተሻለ የቆሙት ዘዴዎች ሐሳቡን ከማባረር ይልቅ ቅርጹን፣ ጊዜውን ወይም ርቀቱን ይለውጣሉ። ቦርኮቬክ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት ለስጋት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቀጥሮ፣ በሌላ ሰዓት ሲመጣ ወደዚያ ማስተላለፍ ነው። ኢተን ክሮስ ያጠኑት ደግሞ ስለ ራስ ሲያስቡ "እኔ" በማለት ፈንታ በገዛ ስም ራስን መጥራት ለጊዜው ጭንቀትን እንደሚቀንስ ነው፤ ውጤቱ በአብዛኛው የተለካው በአጭር ጊዜ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት። በአስተውሎት ልምምድ ላይ የተመሠረተው የቡድን ሕክምና ሐሳብን እውነት ነው ሳይሉ፣ ሳይከራከሩትም እንደ ሐሳብ ብቻ ማየትን ያለማምዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጆን ቲስዴልና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ድባቴ ካጋጠማቸው ሰዎች መካከል ሕመሙ ያገረሸባቸው በተለመደው ክትትል ብቻ 66 በመቶ ሲሆኑ፣ ሕክምናው በታከለላቸው 37 በመቶ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ብቻ የታመሙት ግን በሕክምናው አልተጠቀሙም።

ምክንያቱ እውነተኛ ሲሆን

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ሥራውን ያጣ፣ ልጁ የታመመበት ወይም በሚበድለው ሰው ሥር የሚኖር ሰው ችግሩ ከአስተሳሰቡ እንደሚመነጭ መናገር ግፍ ነው። ሐሳቡ ተደጋጋሚ የሆነው ችግሩ ተደጋጋሚ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የመስኩ ጥናቶችም ሰውን ከኑሮው ነጥለው የመለካት ዝንባሌ አላቸው። ይሁንና ተቃውሞው ስልቱን ዋጋ አያሳጣውም። "ለምን እኔን ብቻ?" ከሚለው "በዚህ ሳምንት ማንን ልጠይቅ?" ወደሚለው መሸጋገር ይበልጥ የሚያስፈልገው እውነተኛ ችግር ላለበት ሰው ነው። ማድረግ የሚቻል ነገር ከሌለ ደግሞ የሚያስፈልገው ሐዘን ነው፤ ሐዘንና ማብሰልሰል አንድ አይደሉም።

ሐሳቡ እንቅልፍን ለሳምንታት ሲነሳ፣ ሥራንና ምግብን ሲያስተጓጉል ወይም ራስን ወደ መጉዳት ሲያዘነብል በግል ዘዴ መታገሉ አይበቃም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ይገባል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም፤ በቅርብ ለሚገኝ ሰው ወዲያው መንገርና ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ሕመም ሳይሆን ልማድ እያለ መድረስም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ማውሪትስ ቶፐር ከኤሪንግና ከዋትኪንስ ጋር በኔዘርላንድስ ያወጡት ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 22 ዓመት የሆኑ፣ ገና ያልታመሙ ግን አብዝተው የሚሰጉና የሚያብሰለስሉ 251 ወጣቶችን ይዟል። ልማዱን ለመለወጥ የተዘጋጀውን ሥልጠና በቡድን ወይም በኢንተርኔት ከወሰዱት መካከል በዓመቱ ውስጥ ድባቴ የገጠማቸው ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸሩ ግማሽ ያህል ነበሩ፤ በጭንቀት ሕመምም ተመሳሳይ ልዩነት ታይቷል። ንጽጽሩ የተደረገው ምንም ካላገኙ ወጣቶች ጋር ስለሆነ፣ የረዳቸው ይህ ሥልጠና በተለይ ነው ወይስ ማንኛውም ጥሩ ድጋፍ ያንኑ ያደርግ ነበር የሚለውን አይመልስም። ማብሰልሰል ሲቀንስ ሕመሙም አብሮ እንደሚቀንስ ግን አሳይቷል፤ ይህም ከመሬት መንቀጥቀጡ ጥናት አንድ እርምጃ ያለፈ ማስረጃ ነው።